የጎብዬ ሰው መዝገብ የት ነው ያለው?

ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አስፋልት ላይ ባለችው ጎብዬ አንድ ገበሬ ቢሞትና ልጁ የእርሻ መሬቱን በስሙ ላዙር ቢል፣ የሚጠየቃቸው ወረቀቶች አንድ ቤት አይገኙም። የሞት ምዝገባው ቀበሌ ነው። ወራሽነቱን የሚያረጋግጠው ፍርድ ቤት ነው። የይዞታ ደብተሩ የተቀዳበት መዝገብ የወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት፣ ቆቦ ነው። የአባትና የእናት ጋብቻ በቤተ ክርስቲያን ወይም በኒካሕ ብቻ የተፈጸመ ከሆነ ማስረጃው በካህኑ ወይም በቃዲው እጅ ነው። ጉዳዩ በይግባኝ ከሄደ መዝገቡ ወልድያ ይወጣል። ልጁ ስንቅ ይዞ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲመላለስ ሁሉም «እኛ ጋር አይደለም» ቢሉት ብዙውን ጊዜ እውነታቸውን ነው። ችግሩ የት እንደሆነ የሚነግረው አለመኖሩ ነው። እንደ ጎብዬ ባሉ ትንንሽ ከተሞች ሕጉ አለ፤ መዝገቡም፣ ጎዶሎ ቢሆን፣ አለ። የሌለው የቱ መዝገብ በየትኛው ቤት፣ ከስንት እስከ ስንት ዓመተ ምሕረት እንደሚገኝ ለሕዝብ የሚናገር ዝርዝር ነው። ይህን ዝርዝር ማውጣት ከኮምፒውተሩም፣ ከአዲሱ ሕንፃም በፊት መቅደም አለበት ብዬ አምናለሁ።

ለምን እንዲህ እንደተበታተነ ለመረዳት ወደኋላ መመልከት ያስፈልጋል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ልደት፣ ጋብቻና ሞት በክብር መዝገብ እንዲጻፉ በዝርዝር ደንግጎ ነበር። ነገር ግን ያው ሕግ መጨረሻው ላይ፣ መዝገቡ ሥራ የሚጀምርበት ቀን በሌላ ትእዛዝ እስኪወሰን ድረስ ድንጋጌዎቹ ተፈጻሚ እንዳይሆኑ አገዳቸው። ያ ትእዛዝ ሳይወጣ መንግሥታት ተለዋወጡ። የወሳኝ ኩነቶች ምዝገባና የብሔራዊ መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ዓ.ም. ነው፤ በመላ አገሪቱ ምዝገባው የተጀመረው ደግሞ በ2008 ዓ.ም. ክረምት። በዚያው በ2008 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት ልደታቸው የተመዘገበው 3 በመቶ ያህሉ ብቻ እንደሆኑ አሳይቷል። ስለዚህ ዛሬ በጎብዬ ጎልማሳ የሆነ ሰው ሲወለድ የመዘገበው የመንግሥት መዝገብ የለም ማለት ይቻላል። ሕይወቱ የተጻፈው በክርስትና ካርድ፣ በትምህርት ቤት ሮስተር፣ በጤና ጣቢያ ካርድ፣ በገበሬ ማኅበር ስም ዝርዝርና በቀበሌ ቅጽ ላይ ነው። እነዚህ ሁሉ ማስረጃ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ማስረጃ የሚሆኑት ግን የት እንዳሉ ለሚያውቅ ሰው ነው።

መሬት ላይ ስንመጣ ጉዳዩ የበለጠ ይከብዳል። የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ካስገኛቸው የገበሬ ማኅበራት ጀምሮ፣ ከዚያ በኋላ የተደረገው ድልድልና ሽግሽግ ሁሉ የራሱን ወረቀት ትቶ አልፏል። በአማራ ክልል ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የመጀመሪያው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ተሰጠ፤ የባልና የሚስት ስም አብሮ የሰፈረበት በመሆኑ ለብዙ ሴቶች የመጀመሪያው የመብት ወረቀት ሆነ። ቀጥሎ በካርታ የተደገፈው ሁለተኛ ደረጃ ደብተር መጣ። አንድ ማሳ በሦስት ዘመን ሦስት ዓይነት ወረቀት አለው ማለት ነው፤ ክርክር ሲነሳ ዳኛው የሚመለከተው አንዱ ከሌላው ጋር መስማማቱን ነው። ጎብዬ ባለችበት በራያ ሜዳ ደግሞ ክርክሩ በጎረቤታሞች ድንበር ላይ ብቻ አይቆምም። በቆቦ ጊራና ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ ልማት ተሠርቷል፤ ከወልድያ ወደ መቀሌ የታቀደው የባቡር መስመርም በዚያው ቆላ የሚያልፍ ነው። መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲለቀቅ ካሳ የሚከፈለው በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ሕጋዊ ባለይዞታነቱን ላረጋገጠ ሰው ነው። ወረቀቱን በወቅቱ ያገኘ ይከፈለዋል። ያላገኘ፣ መሬቱን ሠላሳ ዓመት ቢያርሰውም፣ ከክርክር ይጀምራል።

የመዝገቡን ቦታ አለማወቅ ለአንዳንዱ ጥቅም መሆኑንም መናገር ያስፈልጋል። ፋይሉ በየትኛው መደርደሪያ እንዳለ የሚያውቀው አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ብቻ ከሆነ፣ እርሱ ፈቃድ በወጣ ቀን አገልግሎቱም ፈቃድ ይወጣል። ሠራተኛው ቅን ሰው ቢሆንም እንኳ ውጤቱ ያው ነው። ቅን ካልሆነ ደግሞ «ፋይሉ አልተገኘም» የሚለው ቃል ዋጋ ያወጣል፤ ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ የሚል ሰው በር ላይ ይቆማል። ዝርዝሩ ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ግን ባለጉዳዩ «ከ1998 እስከ 2003 ያለው መዝገብ እዚህ እንደሚገኝ ጽፋችኋል፤ ይፈለግልኝ» ብሎ መሟገት ይችላል። ለድሃ ሰው የሚያስፈልገው አቅም ይኼ ነው፤ ልመናውን ወደ ጥያቄ የሚቀይርለት።

ይህ የእኔ ምኞት ብቻ እንዳይመስል፣ ሕጉ ይህንኑ አዝዟል። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው በመንግሥት አካል እጅ ያለ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ መልሱም ቢዘገይ በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት። ከዚህ አልፎ የመንግሥት አካላት የመዝገብ አያያዛቸውን፣ የያዟቸውን የመረጃ ዓይነቶችና የአጠያየቁን ሥርዓት የሚገልጽ ቀላል መመሪያ አዘጋጅተው እንዲያሳትሙ ግዴታ ጥሎባቸዋል። የአዋጁን አፈጻጸም እንዲከታተል ኃላፊነት የተሰጠው የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ነው። «የዜጎች ቻርተር በየቢሮው ተለጥፎ የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። አለ። ቻርተሩ ግን ቢሮው ምን እንደሚሠራ፣ በስንት ቀን እንደሚጨርስ፣ ምን አሟልታችሁ እንድትመጡ እንደሚፈልግ ነው የሚናገረው። ምን ይዞ እንዳስቀመጠ፣ የቱ ዓመት እንደጎደለውና የጎደለው ወዴት እንደሄደ አይናገርም። ባለጉዳዩን የሚያመላልሰው ደግሞ ይህኛው ነው።

መዝገብን ለሕዝብ መግለጥ ለቆቦና ለአካባቢው እንግዳ ነገር አይደለም። በ1997 የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም አሠራር የተጠቃሚዎች ስም ዝርዝር በቀበሌው ለሕዝብ እንዲገለጽ፣ ቅር የተሰኘም ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ እንዲያመለክት ያዛል። አፈጻጸሙ በየቦታው አንድ ዓይነት እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ቢሆንም «እገሌ ለምን ገባ፣ እገሊት ለምን ቀረች?» ብሎ በአደባባይ መጠየቅ የሚቻልበትን መንገድ ከፍቷል። በህንድ፣ በራጃስታን ግዛት ያሉ ገበሬዎችና የቀን ሠራተኞችም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1994 ጀምረው የመንደር ሥራ የደመወዝ መዝገቦችን በአደባባይ ጮክ ብለው እያነበቡ ያጣሩ ነበር፤ የሞቱና አገር ጥለው የሄዱ ሰዎች ደመወዝ ሲቀበሉ መገኘታቸው የተጋለጠው በዚህ መንገድ ነው። ያ እንቅስቃሴ አድጎ በዚያው አቆጣጠር በ2005 ህንድ የመረጃ መብት ሕግ እንድታወጣ ምክንያት ከሆኑት አንዱ ሆነ። ማንበብ የማይችሉ ብዙ ሰዎች የተሳተፉበት ትግል ነው፤ «ሕዝባችን አልተማረም፣ ዝርዝር ምን ያደርግለታል» ለሚሉ በቂ መልስ ይመስለኛል።

የሰዎች ምስጢርስ? ይህ ቁም ነገር ያለው ተቃውሞ ነው። የልደት መዝገብ የአባትነትን ጉዳይ ይይዛል፤ የፍቺ መዝገብ የቤት ገመና ይዟል፤ ሁሉ በሚተዋወቅበት ትንሽ ከተማ ደግሞ አንድ ቃል ሳይመሽ ገበያውን ያዳርሳል። የመረጃ ነፃነት አዋጁ ራሱ የሦስተኛ ወገን የግል መረጃ እንዳይሰጥ ይከለክላል፣ ሊከለክልም ይገባል። እኔ ይለጠፍ የምለው ግን የሰው ስም የሌለበትን ነው፦ የመዝገቡን ዓይነት፣ ዘመኑን፣ ያለበትን ቤት፣ ግልባጭ ማን እንደሚሰጥና ክፍያው ስንት እንደሆነ። የጋብቻ መዝገብ ከ2009 ጀምሮ በዚህ ቀበሌ አለ ብሎ መጻፍ ማን ማንን እንዳገባ መናገር አይደለም። እንዲያውም ሰው በትክክለኛው መስኮት ሲጠይቅ፣ ጉዳዩን በየቢሮው እየዞረ ለአምስት ሰው ከመተረክ ይድናል።

ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ የጦርነቱ ነው። ቆቦና አካባቢዋ በ2013 ክረምትና በ2014 መጨረሻ ሁለት ጊዜ በጦርነት እጅ ወድቀዋል፤ ጦርነቱ በደረሰባቸው የክልሉ አካባቢዎች የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ተዘርፈዋል፣ ሰነዶች ተቃጥለዋል፣ ተበትነዋል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላም ክልሉ ሰላም አላገኘም፤ ቢሮ በተከታታይ ከፍቶ መሥራት ራሱ ፈተና ነው። «ሰው በሚሞትበት አገር ስለ ወረቀት ታወራለህ?» ለሚለኝ፣ አዎ፣ ስለ ወረቀት የማወራው ለዚያ ነው። በጦርነት የሞተ ሰው ሞቱ ካልተመዘገበ ውርሱ፣ የሚስቱ መብት፣ የልጆቹ ጉዳይ ሁሉ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ወደ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ የተፈናቀለ ሰው ሲመለስ የመጀመሪያው ጥያቄ «ይህ ቤት የአንተ ለመሆኑ ማስረጃህ የታል?» የሚል ነው። የተቃጠለ መዝገብም ቢሆን በዝርዝሩ ላይ ቦታ ሊኖረው ይገባል። «የዚህ ዓመት መዝገብ ጠፍቷል» ተብሎ በማኅተም የወጣ አንድ መስመር ለባለጉዳዩ ትልቅ ነገር ነው፦ ፍለጋውን ያቆማል፤ ለፍርድ ቤቱም ዋናው ሰነድ ለምን እንደማይቀርብ ያስረዳል፤ በምትኩ ግልባጭ ወደሚገኝበት ይልከዋል። የወሳኝ ኩነት መዝገብ ከቀበሌ ወደ ላይ ቅጂ ይላካል። በፍርድ ቤት ያለቀ ጉዳይ በይግባኝ መዝገብ ውስጥ ዱካ ሊኖረው ይችላል። ደብሩ፣ መስጊዱ፣ ትምህርት ቤቱ የየራሳቸውን ይዘው ይሆናል። ከ1983 በፊት የነበረው የወሎ አስተዳደር መቀመጫ ደሴ ስለነበረች የዚያ ዘመን ጉዳይ ወደዚያ ሊያመራ ይችላል። የአስተዳደር ወሰን በተቀያየረበት በራያ ምድር፣ ወረቀት በየዘመኑ ማዕከል እንደሚቀር ማስታወስ ያስፈልጋል። ጠፋ ብሎ በዝምታ ማለፍ ግን ቀሪውንም አብሮ ያጠፋዋል፤ ያልጠፋውን መዝገብ «ተቃጥሏል» ብሎ ለመደበቅም በር ይከፍታል።

«ሁሉም ዲጂታል እየሆነ ነው፤ ትንሽ ታገሡ» የሚለውንም እሰማለሁ። በአዋጅ 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት ያገኘው ዲጂታል መታወቂያ፣ ፋይዳ፣ ጠቃሚ ነው፤ በ2017 በአዲስ አበባ የተከፈተው የመሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎትም መልካም ጅምር ነው። ፋይዳ ግን እገሌ እገሌ መሆኑን እንጂ የማን ልጅ እንደሆነና አባቱ የትኛውን ማሳ ይዞ እንደነበር አይመልስም። ኮምፒውተር ውስጥ የሚገባውም ያለው መዝገብ ነው፤ ምን እንዳለ ሳይቆጠር ወደ ዲጂታል የሚገለበጥ መዝገብ ጉድለቱን ይዞ ይገባል። ደግሞም በአማራ ክልል ኢንተርኔት ለወራት የተቋረጠበትን ጊዜ አልረሳነውም። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት መብራት ሲጠፋም ይነበባል።

ሌላው የምሰማው «እኛ እንተዋወቃለን፣ ምስክር ይበቃናል» የሚል ነው። የራያ ቆቦ ዘወልድ ደም ያደረቀ፣ ጠበኛ ያስታረቀ የሽምግልና ሥርዓት ነው፤ ክብሩን የሚነካ ቃል ከእኔ አይወጣም። ነገር ግን ፓስፖርት የሚሰጠው መሥሪያ ቤት የጎብዬን ሽማግሌ አያውቀውም። ከዚህ ቆላ ተነስተው ወደ ሳዑዲ የሚሄዱት ወጣቶች ብዙዎች ናቸው፤ ዕድሜዋን የሚያረጋግጥ የልደት ወረቀት የሌላት ልጅ ደላላው በነገራት ዕድሜ ትሄዳለች። በክልሉ የቤተሰብ ሕግ የጋብቻ ዕድሜ 18 ነው፤ ያለ ልደት መዝገብ ግን 14 ዓመቷን 18 ነው ብሎ የሚከራከርን ሰው በምን ትረታዋለህ? በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚለው ብሂል የእኛው ነው። ምስክሮቹም ያረጃሉ፤ በነዚህ ዓመታት ብዙዎቹን ቀብረናል።

ሥራው ትልቅ በጀት አይፈልግም። የቀበሌው ሥራ አስኪያጅ፣ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛና ከትምህርት ቤቱ አንድ ሁለት መምህራን ቁጭ ብለው መደርደሪያውን ቢቆጥሩ፣ ከዚያም የወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት፣ ፍርድ ቤቱና ማዘጋጃ ቤቱ የየራሳቸውን ቢጨምሩ፣ አንድ ገጽ ወረቀት ይወጣል። አንዱ በቀበሌው በር ይለጠፋል፣ አንዱ ለደብሩ፣ አንዱ ለመስጊዱ ይሰጣል፤ በየዓመቱ ይታደሳል። በውጭ ያላችሁ የራያ ልጆች ለትምህርት ቤትና ለጤና ጣቢያ ገንዘብ ስታዋጡ፣ የመዝገብ ሣጥንና መደርደሪያም ከዕርዳታው ይቆጠር። በአገር ያላችሁ ደግሞ በሚቀጥለው የቀበሌ ስብሰባ ላይ እጃችሁን አውጡና ይህን ጠይቁ፦ «እዚህ ቤት የትኞቹ መዝገቦች አሉ፣ ከስንት ዓመተ ምሕረት እስከ ስንት?» መልሱ በቃል እንዳይቀር፣ በጽሑፍና በማኅተም ይሁን በሉ። ሕጉ ከእናንተ ጋር ነው።