የሰው ወርቅ

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ተረቱ በእኔ ላይ የደረሰው ግን ለንደን ከተማ ውስጥ፣ ከአንዲት ዳኛ ፊት ተቀምጬ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2017 በኖቬምበር ወር አንድ ማለዳ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት አንድ ሰው ቆቡን በእጁ ይዞ ይቅርታ ይጠይቀኛል። የዕቃ ማመላለሻ መኪናውን ወደ ኋላ ሲመልስ፣ ከደጄ ያቆምኳትን አሮጌ ቶዮታዬን ገጭቷት ኖሯል። ወጥቼ ባይ የኋላ መብራቷ ረግፏል፣ ፓራውልቷ ተንጠልጥሏል፣ ቆርቆሮዋ ታጥፎ ጎማዋን ይዞታል። ሰውዬው ግን ጨዋ ነበር። «ጥፋቱ የኔ ነው» ብሎ ስሙንና የመድን ድርጅቱን ጽፎ ሰጠኝ። ተጨባብጠን ተለያየን።

ሥራዬ አቅመ ደካሞችን በየቤታቸው እየዞርኩ መንከባከብ ነው። ማለዳ 12 ሰዓት ላይ አንዷን አሮጊት ከአልጋ አስነስቼ፣ አጣጥቤ፣ ቁርስ አብልቼ ወደሚቀጥለው ሽማግሌ እሮጣለሁ። በአውቶቡስ የሚሆን አይደለም። መኪና ከሌለ ሥራ የለም፤ ሥራ ከሌለ የሚከተለውን አንባቢ ያውቀዋል።

መድኔ ርካሹ፣ ማለትም የሦስተኛ ወገን ብቻ ስለነበር ምትክ መኪና አይሰጥም። ቢሆንም ስልክ ደወልኩ። ያነሳችው ሴት «ጥፋቱ የእርስዎ ካልሆነስ መላ አለ» ብላ ወደ ሌላ ድርጅት አስተላለፈችኝ። እዚያም አንድ አንደበተ ማር ወጣት ተቀበለኝ። «አይጨነቁ፤ ነገ ጠዋት መኪና ደጅዎ ይደርሳል። ከኪስዎ አንዲት ፔኒ አያወጡም» አለኝ። እውነትም በማግሥቱ የፋብሪካ ሽታዋ ያልለቀቃት ጥቁር መኪና መጣች። ያመጣት ልጅ አንድ የመስታወት ሰሌዳ ዘረጋልኝ። በጣቴ ፈረምኩበት። አላነበብኩትም። እናንተስ ታነቡ ነበር?

እሑድ በዚያችው መኪና ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ከቅዳሴ በኋላ ሰው ከበበኝ፤ «እንኳን ደስ ያለህ!»፣ «ሰው ሆንክ!» ተባልኩ። የዕቁባችን ዳኛ የሆኑት ሽማግሌ እንኳ መኪናዋን ዳበስ አድርገው «ተመስገን» አሉ። የኪራይ ናት ማለት ይገባኝ ነበር። አላልኩም። ዝም ብዬ ፈገግ አልኩ። ዛሬ ሳስበው፣ ከዚያ ሁሉ ነገር የሚያሳፍረኝ ያ ፈገግታ ነው።

የገጨኝ ሰው የመድን ድርጅት ገማች ሳይመጣ ቆየ፤ ቀጥሎ መለዋወጫው ዘገየ። ምትኳን መኪና 58 ቀን ነዳሁ። ቶዮታዬ ተጠግና ስትመጣ ቁልፉን አስረክቤ ነገሩን ረሳሁት። ከወራት በኋላ ወፍራም ፖስታ መጣ። የቀን ኪራይ 64 ፓውንድ፣ የ58 ቀን 3,712 ፓውንድ ይላል። ቶዮታዬን የገዛኋት በ1,800 ነበር! ከታች የተበዳሪው ስም ተጽፏል፤ የእኔ ስም ነው።

ለካ ነጻ የመሰለኝ መኪና የዱቤ ኪራይ ኖሯል። አከራዩ ለጊዜው አያስከፍልም፤ ሂሳቡን በኋላ ከአጥፊው መድን ይቀበላል። ዱቤ ስለሆነም ዋጋው ከተራ ኪራይ ይበልጣል። መኪናውን የሚያቀርበው አንዱ፣ የሚከፍለው ሌላው በመሆኑ ወጪውን የሚቆጣጠር የለም። የአገሩ የገበያ ውድድር ባለሥልጣንም በ2014 ባወጣው ሪፖርት ይህንኑ ችግር አንስቶታል። እንግዲህ የወዲያኛው መድን «ዋጋው በዛ» ብሎ አልከፍልም ሲል ክስ ይመሠረታል። ከሳሹ አከራዩ አይደለም፤ እኔ ነኝ። ተከሳሹም ቆቡን ይዞ ይቅርታ የጠየቀኝ ያ ጨዋ ሰው ነው።

ጉዳዩን የያዘልኝ ጠበቃ ደውሎ «ድሃ ነዎት?» አለኝ። በትክክል የተናገረው «በወቅቱ በራስዎ ገንዘብ መኪና ለመከራየት አቅም ነበረዎት?» ነው። በእኔ ጆሮ ግን የገባው ያው ነው።

ጥያቄው ታሪክ አለው። በ1928 ግሪክ አገር፣ ፓትራስ ወደብ ላይ፣ «ሊስቦሽ» የተባለች ደለል ማውጫ መርከብ በሌላ መርከብ ጥፋት ሰጠመች። ባለቤቶቿ ሌላ ለመግዛት ገንዘብ አጥሯቸው በውድ ዋጋ ተከራዩ። ያን ጊዜ የእንግሊዝ የመጨረሻው ፍርድ ቤት የነበረው የሎርዶች ምክር ቤት በ1933 «በድህነታችሁ የመጣው ተጨማሪ ወጪ የራሳችሁ ነው» የሚል ይዘት ያለው ፍርድ ሰጠ። ይህ ፍርድ 70 ዓመት ቆየ። በ2003 አንድ ሥራ አጥና ጤና ያጣ ሰው በተገጨች አሮጌ መኪናው ምክንያት ክሱ እዚያው ምክር ቤት ደረሰ። ዳኞቹ 3 ለ2 በሆነ ድምፅ በዳይ ተበዳዩን እንዳገኘው፣ ከነድህነቱ ሊቀበለው ይገባል ብለው ወሰኑ። ከዚያ ወዲህ አቅም ያጣ ሙሉውን የዱቤ ኪራይ ያገኛል፤ አቅም የነበረው ግን ተራውን የገበያ ዋጋ ብቻ። መልካም ፍርድ ነው። ነገር ግን ድህነትን የመሰለ ገመና በማስረጃ መቅረብ ግድ ሆነ።

እኛ ደግሞ ማጣትን ሸፍነን እንድንኖር ነው ያሳደጉን። እናቴ እንግዳ ሲመጣ ባዶ ድስት እሳት ላይ ትጥድ ነበር፤ ጎረቤት ጭሱን እንዲያይ። የእሷ ልጅ የወራት የባንክ ሂሳቡን ለማያውቃቸው ሰዎች አስረከበ።

ችግሩ የተፈጠረው እዚያው ላይ ነው። ከግጭቱ 9 ቀን ቀደም ብሎ 2,400 ፓውንድ ገብቶልኛል። የዕቁብ ገንዘብ ነው። 12 ሰዎች በየወሩ 200፣ 200 እንጥላለን፤ ሦስተኛው ዕጣ ለእኔ ወጣ። ይህን ለእንግሊዝ ዳኛ በምን ቋንቋ አስረዳለሁ? ጠበቃው «ሰነድ ያስፈልጋል» አለ። የእኛ ሰነድ የዕቁቡ ዳኛ ደብተር ናት።

ሄጄ ነገርኳቸው። መኪናዋ የኪራይ እንደነበረች፣ ድሃ መሆኔን ማስመስከር እንዳለብኝ፣ ሁሉንም። ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። «አይ ልጄ፣ የሞላለት ሰው በሁለት መቶ ፓውንድ ዕቁብ ምን ይሠራል? እኛ እኮ እናውቅሃለን» አሉና ደብተሯን ሰጡኝ።

በ2019 የጸደይ ወቅት ፍርድ ቤት ቀረብኩ። የወዲያኛው ጠበቃ ትሑት ሰው ነው፤ ጥያቄው ግን ይቆርጣል። «በዚያ ቀን 2,400 ፓውንድ በእጅዎ ነበር። ተራ ኪራይ በቀን 31 ፓውንድ ይገኝ ነበር። ለምን አልተከራዩም?»

«ለእናቴ ቤት ጣራ የታሰበ ነበር። ላክሁት።»

«የላኩት ከግጭቱ በኋላ ነው። በሕግ ይገደዱ ነበር?»

ዝም አልኩ። አልገደድም ብል ገንዘቡ ነበረኝ ማለት ነው። እገደዳለሁ ብል ወረቀት የለኝም። መጽሐፍ ቅዱስ ይዤ ምያለሁና «በሕግ አልገደድም» አልኩ። «ግን ቤቱ ያፈስሳል።»

ዳኛዋ ደብተሯን አገላበጠች። ፊደሉን አታነብም፤ ቁጥሩን ግን ታነባለች። በየወሩ የሚጣለውን 200 ከባንክ ሂሳቤ ጋር አስተያየች። በኋላም፣ ያ ገንዘብ በእጄ ቢያልፍም ተመልሶ የሚከፈል የሌሎች ሰዎች ገንዘብ ስለሆነ፣ የወር ገቢዬም ከወጪዬ ስለማያልፍ፣ ለመከራየት አቅም አልነበረውም አለች። 3,712 ፓውንዱ ይከፈል ተባለ።

አባቶቻችን በአንዲት ተረት የጨረሱትን እሷ በአንድ ሰዓት ችሎት ደረሰችበት። የሰው መኪና አላደመቀኝም፤ የሰው ገንዘብም ሀብታም አላደረገኝም።

ማታ እናቴ ደወለች። ዝናብ እንደጣለ፣ ጣራው አንዲት ጠብታ እንዳላስገባ ነገረችኝ። «አንተስ እንዴት ዋልክ?» አለች። ደህና ዋልኩ አልኳት። ድሃ መሆኔ በችሎት መረጋገጡን አልነገርኳትም። ፈረደችልኝ ልበል ወይስ ፈረደችብኝ፣ እስካሁን አልለየሁም።