ዕረፍትም ሥራ ነው

በፍኖተ ሰላም የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ማለዳ ማለዳ ፑሽ አፕ እሠራ፣ በመከር ወራት ደግሞ ቡሬ ገጠር ከወላጆቼ ዘንድ እየሄድሁ የበርበሬ ጆንያ እሸከም ነበር። ውሎ አድሮ ደረቴን ስዘረጋ መካከሉ «ቀጭ» እያለ ያመኝ ጀመር።

በጤና ጣቢያ የመረመሩኝ ባለሙያ እንዳስረዱኝ፣ ከ12ቱ ጥንድ የጎድን አጥንቶች የላይኞቹ 7 ጥንዶች በልም አጥንት ከደረት አጥንት ጋር ይያያዛሉ። ድምፁ ብቻውን በሽታ አይደለም፤ ሕመም ሲያጅበው ግን መጋጠሚያው ተጎድቶ ይሆናል። ትንፋሽ ካጠረም ሳይውሉ ሳያድሩ መታየት ይገባል።

ሸክሙን ለወንድሞቼ ትቶ መቀመጥ አሳፈረኝ። አባቴ ግን፣ «የደከመውን በሬ ከቀንበር ቢፈቱት ሰነፍ ይባላልን?» አሉኝ። ሕመሙ እስኪተወኝ ዐረፍሁ፤ ከዚያም ቆሜ ግድግዳ ከመግፋት ጀምሬ ጥቂት በጥቂት ብርታቴን መለስሁ። ሰውነትን ማሠራት እንደሚገባ ሁሉ ማሳረፍም ይገባል።