ላልሰማ አሰማ

የመድረክ መብራት ልማር ብዬ ስገባ የጠበቅሁት ቀለም ነበር፤ የማታ ሰማያዊ፣ የንጋት ብርቱካናማ፣ የሙሽራ ሐምራዊ። የጠበቀኝ ግን ሒሳብ ነው። ጋሼ የምንላቸው አንጋፋ ባለሙያ ትምህርቱን የከፈቱት በጥያቄ ነው። «አንተ ልጅ፣ 16 ቻናል የሚበላ መብራት አድራሻው 1 ከሆነ፣ ቀጥሎ ያለው ከስንት ይጀምራል?» «ከ17 ነዋ፣ ጋሼ።» «በቃ፣ ግማሹን ተምረሃል። የቀረው ግማሽ መሰላል መውጣት ነው።»

አንድ ሰው አንድ ቦታ ተቀምጦ የመድረኩን ብርሃን በሙሉ ማዘዙ በኤሌክትሪክ አልተጀመረም። በጋዝ መብራት ዘመን፣ በአውሮፓ ትያትር ቤቶች፣ የጋዙ ቧንቧዎች ሁሉ ከመድረኩ ጎን ወዳለ አንድ ጠረጴዛ ይመጡ ነበር። ጋዝ ተቆጣጣሪው የቧንቧዎቹን መዝጊያ እያጠበበና እያሰፋ ያመሻል፣ ያነጋል። የዛሬው የመብራት መቆጣጠሪያ ኮንሶል ቅድመ አያት ያ ጠረጴዛ ነው። ትያትር ቤቶቹም በየጊዜው ይቃጠሉ ነበር። ስለዚህ በ1881 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) የለንደኑ ሳቮይ ትያትር 1,200 ያህል አምፖሎች ሲያስገባ፣ ባለቤቱ ዶይሊ ካርት ራሱ መድረክ ላይ ወጣ። የበራ አምፖል በስስ ጨርቅ ጠቅልሎ ሰበረና ጨርቁ አለመቃጠሉን ለተመልካቹ አሳየ። ከዚያ በኋላ የተሠራ የመብራት ማስታወቂያ ሁሉ ለእኔ ከዚህ ያንሳል።

የጎደለው ነገር ማስታወስ ነበር። የብሮድዌይ ትያትር የኮምፒውተር ማህደር ባለው ኮንሶል መጀመሪያ የተመራው በ1975 ነው፤ ትርኢቱ «ኤ ኮረስ ላይን»፣ የመብራት ንድፍ ባለሙያዋ ታሮን መሰር። ከዚያ በፊት በርካታ ሰዎች በየእጀታቸው ቆመው በምልክት እኩል ይጎትቱ ነበር።

ኮንሶሉ ማስታወስ ቢጀምርም ከመብራቱ ጋር መነጋገሩ ሌላ ጣጣ ነበር። በብዙ ቦታ ለእያንዳንዱ ዲመር (የብርሃን ማደብዘዣ) ከ0 እስከ 10 ቮልት የምታደርስ የራሱ ሽቦ ነበረችው፤ መቶ ዲመር፣ መቶ ሽቦ። ሽቦ የሚቀንስ ዘዴ ሲመጣም እያንዳንዱ ፋብሪካ የየራሱን ፈጠረ፤ የአንዱ ኮንሶል የሌላውን ዲመር አያዝም። አንዱን ዕቃ የገዛ ደንበኛ ዕድሜ ልኩን የዚያ ድርጅት ታማኝ ሆኖ ይቀራል ማለት ነው። በ1986 የአሜሪካ የትያትር ቴክኖሎጂ ተቋም ሁሉንም የሚያስማማ አንድ ደንብ አወጣ። ስሙ ዲኤምኤክስ 512 ነው።

አሠራሩ የአዋጅ ነጋሪ ነው። ኮንሶሉ ከ1 እስከ 512 ላሉት ቻናሎች ከ0 እስከ 255 የሆነ ቁጥር በተራ እየጠራ ይጮኻል። እያንዳንዱ መብራት እየቆጠረ ቆይቶ የራሱ አድራሻ ሲደርስ ድርሻውን ይወስዳል፤ አዋጁ በእሱ በኩል በኬብል ወደ ጎረቤቱ ያልፋል። የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ነጋሪው ማን ሰማ፣ ማን ተኛ ብሎ አይጠይቅም። ዝርዝሩ ሲያልቅ እንደገና ከ1 ይጀምራል፤ ሙሉውን 512 በሰከንድ 44 ጊዜ ያህል ይደግመዋል። ትዕቢት ይመስላል፣ እኔ ግን ብልሃት ነው እላለሁ። አንዱ ቁጥር በመንገድ ቢበላሽ ትክክለኛው ዓይን ሳይርገበገብ ይደርሳልና፣ ይቅርታ ጠያቂም መላሽም አያስፈልግም።

የመጨረሻው መብራት ላይ ግን 120 ኦም የምትሆን ትንሽ ማቆሚያ ትሰካለች። እሷ ከሌለች ምልክቱ ከመስመሩ ጫፍ እንደ ገደል ማሚቶ ተመልሶ ከአዲሱ ጋር ይጋጭና መብራቶቹ ይንቀጠቀጣሉ። በአዳራሾቻችን ይህችን ማቆሚያ የሚያውቃት ጥቂት ነው። በማይክሮፎን ኬብል የሚዘረጋም ብዙ ነው፤ በልምምድ ቀን ይሠራል፣ በሠርጉ ቀን ይጨፍራል።

አንድ የአዳራሽ ኃላፊ ርችቱም ከመብራቱ ጋር በአንድ ቁልፍ ይሁንልኝ ብለው ነበር። ጋሼ እንቢ አሉ። «አምፖል ትእዛዝ ቢስት ሙሽራዋ ሰማያዊ ትሆናለች፣ ያልፋል። ርችት ቢስትስ?» ደንቡም ከእሳቸው ጋር ነው፤ ስህተት ማጣሪያ ስለሌለው ሰው ሊጎዳ ከሚችል ነገር ጋር አታያይዙት ይላል።

የሕንፃ መብራት ጠባዩ ሌላ ነው። ዳሊ የሚባለው ሥርዓት በአንድ መስመር 64 የመብራት መሣሪያዎች ብቻ ይይዛል፤ ፍጥነቱም በሰከንድ 1,200 ቢት ነው፣ የዲኤምኤክሱ 250,000 ሲሆን። ለጭፈራ አይሆንም። ግን መብራቱ ይመልሳል። በርቻለሁ፣ አምፖሌ ተቃጥሏል ይላል። ቢሮ ውስጥ በሰከንድ 44 ጊዜ የሚቀየር ነገር የለም፤ የጥገና ሠራተኛው የሚፈልገው በየፎቁ ሳይዞር የተቃጠለውን ማወቅ ነው።

የመድረኩም መብራት በ2006 አንደበት ተሰጠው። አርዲኤም የሚባል ተጨማሪ ደንብ በዚያው ሽቦ አድራሻውን እንዲናገር፣ ሙቀቱን እንዲያሳውቅ ፈቀደለት። አድራሻ ለመቀየር መሰላል መውጣትም ቀረ፤ ጋሼ ይህን ስነግራቸው ደስ አላላቸውም። ብቻ ድሮ የተገዙት የምልክት ማከፋፈያዎች ትእዛዝ ወደ ታች ያወርዳሉ እንጂ መልስ ወደ ላይ አያሳልፉም፤ አዳራሹ ገንዘብ ሲያገኝ ደግሞ መጀመሪያ የሚገዛው የጭስ ማሽን ነው።