ለድንገተኛ እንግዳ የሚሰናዳ ማዕድ

እንግዳን መቀበል በአገራችን ከታላላቅ ምግባራት አንዱ ሆኖ ሲቈጠር የኖረ ነገር ነው። መንገደኛ መሽቶበት ከማያውቀው ደጅ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ሲል፥ ባለቤቱ «ቤት ለእንግዳ» ብሎ ያስገባዋል። ይህን ቃል መናገር ቀላል ነው፤ ከቃሉ በኋላ የሚመጣው ጭንቀት ግን የሚወድቀው በተናገረው ላይ ሳይሆን በጓዳ ባለችው ላይ ነው። ይልቁንም እንግዳው ምግብ ዐዋቂ፥ የበርበሬውን አዘገጃጀትና የቅቤውን አነጣጠር በአንድ ጉርሻ ለይቶ የሚያውቅ እንደ ሆነ፥ የተሰጠውም ጊዜ አጭር እንደ ሆነ፥ ጭንቀቱ እጥፍ ይሆናል። በጥቂት ጊዜ ተሰናድቶ እንግዳን የሚያስደስት፥ ቤቱንም የማያሳፍር ማዕድ ምን ዐይነት እንደ ሆነና ከምን እንደሚገኝ ያየሁትን ለክቡራን አንባብያን ለመግለጽ እወዳለሁ።

ያደግሁበት አገር ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ የሚገኘው፥ ሚዛን ተፈሪ፥ ቴፒና ማጂ ያሉበት የቡና አገር ነው። ዛሬ በ2014 ዓ.ም. በተመሠረተው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ውስጥ ይገኛል። ምድሩ ዝናብ የሚበዛበት፥ ደኑም ጥቅጥቅ ያለ ስለ ሆነ፥ በቀደመው ጊዜ እንግዳ መቼ እንደሚደርስ የሚወስነው ሰማዩና ጭቃው ነበር። ዛሬ ስልክ ገብቶ ነገሩ የተሻለ ይመስላል፤ ነገር ግን እንግዳው ስልኩን የሚያነሣው አብዛኛውን ጊዜ «ቴፒን አልፈናል» ለማለት ነው። ከቴፒ እስከ ሚዛን ያለው መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ሆነ፥ ለባለቤቲቱ የሚቀራት ጊዜ ከሁለት ሰዓት አይበልጥም።

በዚህን ጊዜ ብዙ ሰው የሚሳሳተው፥ ታላቅ እንግዳ በታላቅ ወጥ ብቻ ይከበራል ብሎ በማሰብ ነው። ዶሮ ወጥ የክብር ምግብ መሆኑን የሚክድ የለም፤ ነገር ግን ዶሮው ተገንጥሎ 12 ብልት እስኪወጣ፥ ደጋግሞም እስኪታጠብ፥ ሽንኩርቱም በዝግታ እየተቁላላ እስኪበስል ድረስ ብዙ ሰዓት ያልፋል። ሳይበስል የቀረበ እንደ ሆነ ምግብ ዐዋቂውን ያሳዝነዋል፤ እስኪበስል የተጠበቀም እንደ ሆነ እንግዳው በረኃብ ያንቀላፋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥበብ ለሰዓቱ የሚስማማውን መምረጥ ነው።

ይህን ጥበብ ያየሁት በአክስቴ ቤት፥ በሚዛን ነው። በአንድ የነቢያት ጾም ዓርብ ቀን፥ ፀሐይ ልትገባ ስትል፥ አምስት እንግዶች በመንገድ ላይ መሆናቸው ተሰማ። ከእነርሱም አንዱ በየከተማው ማዕድ የሚታወቅ፥ ያልጣመውን ምግብ በትሕትና ገፋ አድርጎ የሚተው የቡና ነጋዴ ነበር። አክስቴ ይህን ሲሰሙ አልደነገጡም። ከሁሉ አስቀድመው ጎደሬውን አጥበው ጣዱ፤ ጎደሬ በሚገባ ካልበሰለ ጉሮሮ የሚያሳክክ ስለ ሆነ አይቸኮልበትምና። በሌላው ምድጃ ድፍን ምስር ጣዱ። እንግዶቹ ገብተው እጃቸውን ከታጠቡ በኋላ መጀመሪያ የቀረበላቸው የአገሬው ሰው ጨሞ የሚለው መጠጥ ነበር፤ ይኸውም የቡና ቅጠል ከዝንጅብል፥ ከነጭ ሽንኩርትና ከቃሪያ ጋራ ተፈልቶ ጨው የሚጨመርበት ነው። ከእርሱም ጋራ የተላጠ ትኩስ ጎደሬ ከተወቀጠ ቃሪያ ጋራ ቀረበ። ብርድና ዝናብ የመታው ሰው ይህን ሲቀምስ ፊቱ ይፈታል፤ ጓዳውም ጊዜ ያገኛል።

ጨዋታው ሲሞቅ አክስቴ ሦስት ነገር አከታትለው ሠሩ። የበሰለውን ምስር ደፍጥጠው ሰናፍጭ፥ የሎሚ ጭማቂ፥ የተከተፈ ሽንኩርትና ቃሪያ፥ ጥቂትም ዘይት ጨምረው አዚፋ አደረጉት። ሽሮውን በሸክላ ድስት እያማሰሉ አበሰሉ። በመጨረሻም ቡላውን በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጠው፥ እንዳይጓጉልም አጥልለው፥ በሚፈላ ውኃ ላይ እያፈሰሱ ሳያቋርጡ አማሰሉት፤ ነጭ የነበረው መልኩ ተለውጦ ማንጸባረቅ ሲጀምር አወጡት። ቀኑ ጾም ስለ ሆነ በቅቤ ፈንታ ዘይት ከሚጥሚጣና ከተፈጨ ኮረሪማ ጋራ በመካከሉ አፈሰሱበት። ቡላው ከተጣደ እስኪወጣ ድረስ የፈጀው ሩብ ሰዓት ያህል ብቻ ነው።

ነጋዴው ቡላው እንዲጨመርለት ከጠየቀ በኋላ፥ «እትዬ፥ ይህን ሁሉ በየትኛው ሰዓት አደረሱት?» አላቸው። እርሳቸውም ሣቅ ብለው፥ «እኔ ዛሬ ያደረግሁት ውኃ ማፍላት ነው፤ ሥራውስ አምና አልቋል» አሉት።

ነገሩን ስናስተውለው ቃላቸው እውነት ነው። ቡላ ማለት የእንሰት ግንዱ ተፍቆ፥ ሥሩም ደቅቆ ሲጨመቅ በሚወጣው ውኃ ሥር የሚዘቅጠው ነጭ ነገር ነው። እንሰቱም ለዚህ እስኪደርስ ድረስ 3 ወይም 4 ዓመት፥ በደጋ ግን ከዚያ የሚበልጥ ጊዜ ይፈልጋል። ሽሮው እህሉ ተለቅሞ፥ ተቈልቶ፥ ተከክቶ፥ ከቅመም ጋራ ተፈጭቶ የተቀመጠ ነው። በርበሬው በፀሐይ ደርቆ፥ ተቀንጥሶ፥ ከዝንጅብልና ከነጭ ሽንኩርት ጋራ ተደልዞ፥ ዳግመኛ ደርቆ የተፈጨ ነው። ኮረሪማና ጥምዝም በዚህ አገር ደን ውስጥ ይበቅላሉ፤ ለቅሞ ማድረቅ ግን የሰው ፈንታ ነው። እንግዲህ በሩብ ሰዓት የቀረበው ማዕድ የብዙ ወራት፥ እንዲያውም የብዙ ዓመታት ድካም የተከማቸበት ነው።

በፍስክ ቀንም ነገሩ እንደዚሁ ነው። በጨውና በበርበሬ ታሽቶ፥ በገመድ ተሰቅሎ የደረቀ ቋንጣ ያለው ቤት፥ ሽንኩርቱን በንጥር ቅቤ አቁላልቶ እንጀራ ቢፈረፍርበት በግማሽ ሰዓት የሚያኮራ ምግብ ያቀርባል። ያው ቡላ ደግሞ በመካከሉ ንጥር ቅቤ ሲገባበት ለማንኛውም ታላቅ ሰው የሚበቃ ይሆናል። ከማዕዱ በኋላ ከደን ቀፎ የተቈረጠ ማር በትንሽ ሳሕን ቢቀርብ፥ ቡናውም በእንግዳው ፊት ተቈልቶ አቦል፥ ቶና፥ በረካ ቢባል፥ ሌላ ጌጥ አያስፈልግም።

ምግብን ሳይበላሽ አቈይቶ በሚያስፈልግ ጊዜ ማውጣት ሌሎችም ሕዝቦች የደከሙበት ጥበብ ነው። በፈረንሳይ አገር ኒኮላ አፔር የተባለ ሰው ምግብን በጠርሙስ አሽጎ፥ በፈላ ውኃም ቀቅሎ የሚያቈይበትን ዘዴ ስላገኘ፥ በ1810 እ.ኤ.አ. ከመንግሥቱ 12,000 ፍራንክ ተሸልሟል። የእኛ እናቶች ግን ቅቤውን አንጥረው፥ ሥጋውን አድርቀው፥ በርበሬውን ደልዘው ሲያቈዩ የሸለማቸው የለም። እንግዳውም ሲሰናበት የሚያመሰግነው ብዙ ጊዜ ጌታውን ነው።

ይህ ነገር ቀላል መስሎ እንዳይታይ። አክስቴ ካረፉ ወዲህ ያ ጓዳ እንደ ቀድሞው አይደለም። ልጆቻቸው ወንዱም ሴቱም ማለዳ ወደ ሥራ ወጥተው ማታ የሚገቡ ናቸው፤ በርበሬውንና ሽሮውን በትንሽ በትንሹ ከገበያ ይገዛሉ። ድንገት እንግዳ ሲመጣ ከሆቴል ያስመጣሉ፤ ደመወዝ ሳይደርስ የመጣ እንደ ሆነም ይበደራሉ። እንግዲህ የጓዳው መጉደል ፍቅርን ወደ ዕዳ ይለውጠዋል፤ ዕዳ የሚፈራ ሰውም ውሎ አድሮ እንግዳን ይፈራል። ያ ነጋዴ ግን የጠገበው ከጓሮ በተቈፈረ ጎደሬና በሽሮ እንጂ በውድ ነገር አልነበረም።

«ከፍትፍቱ ፊቱ» የሚለው የአባቶች ቃል እውነት ነው። ነገር ግን ጓዳዋ ባዶ የሆነባት ሴት፥ ባሏ ሳይነግራት አምስት ሰው ይዞ ሲገባ፥ ፊቷ እንዴት ሊፈታ ይችላል? አባታችን አብርሃም ሦስቱን እንግዶች በተቀበለ ጊዜ ሥራውን ለሣራ ብቻ አልተወም፤ እርሷ ዱቄቱን ስትለውስ እርሱ ራሱ ወደ ከብቶቹ ሮጦ ጥጃውን መርጧል። የተለወሰውም ዱቄት አስቀድሞ በድንኳኑ ውስጥ የነበረ ነው።

ስለዚህ «ቤት ለእንግዳ» ማለት የሚወድ ባለቤት፥ በርበሬ በሚረክስበት ወራት ከደመወዙ ከፍሎ ይግዛ፤ ሲቀነጠስም አብሮ ይቀንጥስ፤ ጆንያውን ተሸክሞ ወደ ወፍጮ ይሂድ። ልጆቹ፥ ወንዶቹም ጭምር፥ ቡላ ሲማሰል አጠገብ ቆመው ይማሩ። እንግዳውም በልቶ ሲያመሰግን ወደ ጓዳ ዞር ብሎ «ሙያው የእርሷ ነው» ይበል፤ እርሷም ወጥታ ምስጋናውን በራሷ ጆሮ ትስማው።