ባሕር በሌለበት አገር የተሣለ ማዕበል

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. ከ1769 እስከ 1771 ኢትዮጵያ ውስጥ ቆይቷል። በአብያተ ክርስቲያናት ካያቸው ሥዕሎች አንዱን በጽሑፉ መዝግቦታል፦ ፈርዖን በነጭ ፈረስ ላይ ሆኖ ባሕረ ኤርትራ ውስጥ ይገባል፤ ዙሪያውን ጠመንጃና ሽጉጥ ይንሳፈፋል። በሙሴ ዘመን ባሩድ አልነበረም። ለሠዓሊው ግን ኃያል ሠራዊት ማለት ነፍጥ ያነገበ ሠራዊት ነው፤ ማዕበሉ ያንን ሲውጥ ካልታየ ተአምሩ በምን ይታወቃል?

በዚያው ክፍለ ዘመን በአውሮፓ የወደብ ሥዕል ፍርሃት የሚነበበው ሰማዩ ላይ ነበር። የፈረንሳይን ወደቦች ለንጉሥ ሉዊ 15ኛ የሣለው ክሎድ ጆሴፍ ቬርኔ በመርከብ አደጋ ሥዕሎቹም ዝነኛ ነው፤ ጠቁሮ የወረደ ደመና፣ ከዓለት የተላተመ መርከብ፣ አንዳንዴም ራቅ ብሎ የመብራት ማማ። ደመናው የጥፋት፣ ማማው የተስፋ ምልክት ነው። እንግሊዛዊው ሠዓሊ ተርነርም እ.ኤ.አ. በ1819 ስኮትላንድ ጠረፍ ባሕር መካከል የቆመውን የቤል ሮክ ማማ በማዕበል ተከቦ ሥሎታል። የሚገርመው፣ ተርነር ቦታውን ረግጦት አያውቅም፤ የሌሎችን ንድፍ ይዞ ነው የሠራው።

ባሕሩን ሳያዩ መሣል እንግዲህ የደጋ ሠዓሊ ብቻ ጣጣ አይደለም።

ልዩነቱ ሌላ ነው። በእኛ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሰማዩ አይጠቁርም፤ ቢጫ፣ ቀይ ወይም አረንጓዴ ቀለም ተቀብቶ ያልቃል። ጭንቁ ያለው ውኃው ውስጥ ነው፣ ብቅ ባሉት ራሶችና በፈጠጡት ዓይኖች ላይ። ማማው ሊቆም በሚችልበት ቦታ ደግሞ መልአክ ይቆማል፣ ብዙ ጊዜ ቅዱስ ሚካኤል። ማማ ለመጣው መርከብ ሁሉ ያበራል፤ ወዳጅና ጠላት አይለይም። መልአኩ ግን አንዱን ያሻግራል፣ ሌላውን ያሰጥማል።

በመልአክ መሻገር በወሎ ለመርሳና ለሀብሩ ሰው ሩቅ ወሬ አይደለም። ወደ ደሴ ሲኬድ የሚገኘው ሐይቅ እስጢፋኖስ አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ደቀ መዛሙርት ያስተማሩበት ገዳም ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ወደዚያ ሲሄዱ በመልአክ መሪነት በውኃው ላይ እንደ የብስ ተራምደው እንደተሻገሩ ገድላቸው ይተርካል። ታንኳም ፋኖስም አላስፈለጋቸውም።

ከወልድያ ወደ ላስታ ለወጣ ደግሞ መርከቡ ራሱ ከዓለት ተፈልፍሎ ቆሟል። የላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ የኖኅ መርከብ ምሳሌ እንደሆነ በትውፊት ይነገራል። ቁመቱ 12 ሜትር ገደማ ነው። ዙሪያውን ዞሮ ላየው የታችኛው ረድፍ 9 መስኮቶች ድፍን ናቸው፤ የላይኞቹ 12 ብቻ ክፍት ናቸው። ውኃ በሚደርስበት በኩል መስኮት የሚከፍት መርከብ ሠሪ የለምና ምሳሌው ከድንጋዩ ጋር ይገጥማል።

ዩኔስኮ የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት በዓለም ቅርስነት የመዘገባቸው በ1978 እ.ኤ.አ. ነው። ከዓመታት በኋላ አንዳንዶቹን ከዝናብ ለመከላከል ግዙፍ መጠለያ ተተከለላቸው፤ ነዋሪውም ክብደቱ ቅርሱን እንዳይጎዳ ሲሰጋ ቆይቷል። ቤተ ጊዮርጊስ መጠለያ አልተሠራለትም። የክረምቱን ዶፍ ዛሬም በራሱ ጣሪያ ይችለዋል።