«ፋርስ» የተባለው የእኛ በግ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የዚህን በግ ስም ግን መልአክ እንዳላወጣው እርግጠኛ ነኝ።

ነገሩ ወዲህ ነው። በኦጋዴን፣ በሶማሊያና በሰሜን ኬንያ ቆላ የሚኖር በግ አለ። ጭንቅላቱና አንገቱ ጥቁር፣ ገላው ነጭ፣ ቀንድ የሌለው፣ በሱፍ ፈንታ አጭር ጸጉር የለበሰ። እ.ኤ.አ. በ1870 ገደማ የዚህ በግ ዘመዶች በመርከብ ደቡብ አፍሪካ ደረሱ። እዚያም «ጥቁር ራስ ፋርስ» ተባሉ። ፋርስ ወዲያ ማዶ፣ በጉ ወዲህ ማዶ!

ደቡብ አፍሪካውያን በስሙ ቢሳሳቱም በበጉ አልተሳሳቱም። በ1930ዎቹ ከእንግሊዙ ዶርሴት ሆርን ጋር አዳቀሉት፤ ከሁለቱም ስም ቆንጥረው «ዶርፐር» አሉት። በ1950 የአርቢዎች ማኅበር ቆመለት። ጥሩ ግጦሽ ያገኘ የዶርፐር ጠቦት በ4 ወር ገደማ 36 ኪሎ ይመዝናል። በደረቅ ቆላ በግጦሽ ብቻ ያደገ የእኛ ጠቦት በዓመቱም ላይደርስበት ይችላል። እናም በ2007 ዶርፐር ተገዝቶ ኢትዮጵያ ገባ። የልጅ ልጅ በገንዘብ ተገዝቶ አያቱ አገር መጣ ማለት ነው።

እኔ የሥነ ጽሑፍ ሰው ነኝ፤ በግን ይበልጥ የማውቀው በወጡ ነው። ቢሆንም «የእኛ በግ አያድግም» ሲባል ዝም ማለት አልሆነልኝም። ዳሌው ላይ የቋጠረው ስብ እኮ የቁጠባ ደብተር ነው። «ጉ» የሚሉት ዝናብ ጥሎ ሣር ሲለመልም ያስገባል፣ በድርቅ ያወጣል። እድገቱም እንደ ደረጃ ሽቅብ ብቻ አይሄድም፤ ይጨምራል፣ ይቀንሳል፣ ዝናቡ ሲመለስ ያካክሳል። ለአርብቶ አደሩ ቁም ነገሩ ኪሎው ብቻ አይደለም፤ እናቲቱ ክፉውን ወራት ተሻግራ መውለዷ ነው። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በአፍሪካ ቀንድ አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ሲከሽፉ፣ ይህን የቻለ በግ እንኳ አልቋል። ብዙ መኖ የሚፈልግ ትልቅ በግ እዚያ ቢሆን ምን ይውጠው ነበር?

ታዲያ ከእነሱ የምንማረው የለም? አለ እንጂ! እነሱ መዝገብ ያዙ፤ የትኛው አውራ ከየትኛዋ እናት ምን ወለደ፣ ጡት ሲጥል ስንት መዘነ ብለው ጻፉ። አርብቶ አደሩም የበጎቹን የዘር ሐረግ በቃሉ ያውቃል። ችግሩ ገበያው ነው። ከጠቦቶቹ መካከል ቶሎ ያደገው ቶሎ ይሸጣል፤ አለዚያም ተኮላሽቶ ሙክት ይሆናል። መንጋውን የሚያጠቃው ታዲያ ማነው? ገዢ ያጣው ቀጫጫ! እኛ ወገብ ጨብጠን፣ ላት መዝነን «ይሄ ነው በግ!» ያልነው፣ ልጅ ሳይተካ ድስት ይገባል።

አርቢው ምርጡን አውራ ለዘር ቢያስቀር ከሽያጩ የሚያጣውን ገንዘብ የሚክስ አሠራር ያስፈልጋል። ያ እስኪመጣ ድረስ ከዓመት ዓመት የምንበላው የሚመጣውን ዓመት በግ አባት ነው።