በቤት ተቀምጦ የበረራን ፊደል ስለ መቁጠር፤ ከሚሺጋን ሐይቅ ዳር እስከ ቦሌ
በዓለም ውስጥ ብዙ ሰው በዓይኑ የሚያውቃቸው፤ ጥቂት ሰው ግን በእግሩ የረገጣቸው ስፍራዎች አሉ። ከእነዚህም አንዱ በአሜሪካ አገር፤ በቺካጎ ከተማ፤ በሚሺጋን ሐይቅ ዳር የነበረው ሜግስ የሚባለው ትንሽ የአይሮፕላን ማረፊያ ነው። የነበረው ማለታችን ዛሬ በስፍራው ስለማይገኝ ነው። ስለ ውጭ አገር ነገር የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢዎቻችን ያስተውሉልን።

ሜዳው የተሠራው ኖርዘርሊ አይላንድ በተባለው፤ የሰው እጅ ሐይቁን በአፈር ሞልቶ ባወጣው ምድር ላይ ነበር። በ1933 እና በ1934 ዓ.ም. ታላቁ የቺካጎ ኤግዚቢሽን የታየው በዚሁ ስፍራና በአካባቢው ነው። ማረፊያው በ1948 ዓ.ም. ተከፈተ፤ ኋላም ለጋዜጣ አሳታሚውና ለበረራ ወዳጅ ለሜሪል ሜግስ መታሰቢያ እንዲሆን በስማቸው ተጠራ። መንደርደሪያው አንድ ብቻ ሲሆን ከደቡብ ወደ ሰሜን 1,200 ሜትር ያህል ይረዝም ነበር። ወደ ሰሜን ለሚነሣ ነጂ በቀኙ እንደ ባሕር የሰፋው ውሃ፤ በግራው የከተማው ረጃጅም ሕንጻዎች ይታዩታል፤ ከእነርሱም ሁሉ በላይ 442 ሜትር ከፍታ ያለው የሲርስ ግንብ ቆሞ ይታይ ነበር።

ይህ ትንሽ ሜዳ ስሙ በዓለም ሊሰማ የቻለው ብዙ አይሮፕላን ስላረፈበት አይደለም። ብሩስ አርትዊክ የተባለ መሐንዲስ በ1979 ዓ.ም. ለቤት ኮምፒዩተር የሚሆን ፍላይት ሲሙሌተር የሚባል የበረራ ማስመሰያ ፕሮግራም አወጣ። በ1982 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት የተባለው ኩባንያ ይህንኑ ሥራ ለገበያ ሲያቀርብ፤ ተማሪው ኮምፒዩተሩን ከፍቶ በመጀመሪያ ራሱን የሚያገኘው በሜግስ መንደርደሪያ ጫፍ ላይ ሆነ። ልማዱም 20 ዓመት ያህል ጸንቶ ስለ ኖረ፤ ከአገሩ ወጥቶ የማያውቅ ሰው እንኳ ያንን ሐይቅና ያንን ግንብ እንደ ደጁ ሜዳ ለይቶ የሚያውቅ ሆነ።

በማርች 30 ቀን 2003 ዓ.ም. ሌሊት ግን የከተማው ከንቲባ ሪቻርድ ዴሊ ባዘዙት መሠረት የምድር መቆፈሪያ መኪናዎች ገብተው መንደርደሪያውን በትልልቅ የመስቀለኛ ምልክት ቈፍረው አበላሹት። ሲነጋም 16 አይሮፕላኖች መውጫ አጥተው በሜዳው ቆመው ተገኙ፤ ኋላም በጎን ካለው ጠባብ መሄጃ እየተነሡ እንዲሄዱ ተፈቀደላቸው። ከንቲባው ያደረጉት ለከተማው ጸጥታ ሲሉ መሆኑን ተናገሩ፤ ብዙዎች ግን ሳይነገረን በሌሊት ተፈጸመ ብለው አጥብቀው ተቃወሙ። ከተማውም በ2006 ዓ.ም. 33,000 ዶላር መቀጫ ከፈለ። ስፍራው ዛሬ የሕዝብ መናፈሻ ነው። እንዲህም ሆኖ በመሬት ላይ የጠፋው ሜዳ በቤት መማሪያው ውስጥ አልጠፋም፤ በቀድሞዎቹ ፕሮግራሞች እንዳለ አለ፤ በአዲሶቹም ወዳጆቹ መልሰው ሠርተው አኑረውታል። ስለዚህ ዛሬም አንድ ልጅ በቤቱ ተቀምጦ፤ ማንም ሰው ሊያርፍበት በማይችል ሜዳ ላይ ማረፍን ይማራል።

ከምድር ሳይነሡ መብረርን መማር ግን ከኮምፒዩተር ዘመን የቀደመ ነገር ነው። በኒውዮርክ ግዛት በቢንግሃምተን ከተማ፤ ኤድዊን ሊንክ የተባለው ሰው ኦርጋንና ፒያኖ በሚሠራው በአባቱ ፋብሪካ ያደገ ነበር። በ1929 ዓ.ም. የኦርጋኑን ወናፍ ወስዶ፤ በአየር እየተነፋ የሚያዘነብል፤ የሚቃናና የሚዞር የእንጨት አይሮፕላን ሠራ። በመጀመሪያ ብዙ ሰው እንደ መጫወቻ ቈጠረው፤ ለመዝናኛ ስፍራዎችም ተሸጠ። በ1934 ዓ.ም. ግን የአሜሪካ ጦር የአየር ፖስታ እንዲያመላልስ በታዘዘ ጊዜ፤ በጭጋግና በጨለማ መሣሪያ አይቶ መንዳት ያልለመዱ ብዙ ነጂዎች በጥቂት ሳምንት ውስጥ ስለ ሞቱ፤ ጦሩ ከዚያ መጫወቻ ስድስቱን ገዛ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሰዎች በእርሱ ሠለጠኑ። መጫወቻ የተባለው ነገር ነፍስ አዳነ ማለት ነው።

አሁን ወደ ትምህርቱ እንግባ። በቤት የሚማር ሰው የሚያስፈልገው ብርቱ ኮምፒዩተር፤ በእጅ የሚያዝ መሪና ቢገኝ የእግር መርገጫ ነው። ለጀማሪም የምትስማማው በ1955 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረችው፤ አራት ሰው የምትይዘው ሴስና 172 ናት። የትምህርቱም ፊደል አራት ነው፤ ቀጥ ብሎ መሄድ፤ መውጣት፤ መዞርና መውረድ። ጀማሪ ሁሉ መሪውን አጥብቆ ይጨብጣል፤ አይሮፕላኗ ግን በሚገባ ከተመዛዘነች በሁለት ጣት ትመራለች። በሚዞርበትም ጊዜ ክንፉ ሲያዘነብል አፍንጫዋ ወደ ታች ይሳባልና መሪውን በጥቂቱ ወደ ራሱ መሳብ ይገባዋል።

ከዚህ በኋላ ተማሪው በሜዳው ዙሪያ አራት ማዕዘን እየሠራ ይበርራል። በሰዓት 1,852 ሜትር መሄድ አንድ ኖት ይባላል። ፍጥነቱ 55 ኖት ሲሆን አፍንጫውን ያነሣል፤ በ74 ኖት ያህል ይወጣል፤ ወደ ግራ ይዞርና ከሜዳው 1,000 ጫማ ከፍ ብሎ ከመንደርደሪያው ትይዩ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ከዚያም ጉልበቱን ቀንሶ ሁለት ጊዜ በመዞር በ65 ኖት ወደ ማረፊያው ይወርዳል። የትምህርቱ ሁሉ ጭንቅ ያለው በዚህ ነው። ተማሪው ከሚገባው በታች እንደ ወረደ ሲያይ፤ ልቡ አፍንጫውን አንሣ ይለዋል። ቢያነሣው ግን ፍጥነቱ ይደክማል፤ ክንፉም አየሩን መያዝ ያቅተውና አይሮፕላኗ ትወድቃለች። ትክክለኛው ነገር ፍጥነትን በአፍንጫ፤ አወራረድን በሞተር ጉልበት መጠበቅ ነው። ይህንን በእውነተኛ ሰማይ ተሳስቶ መማር ሕይወት ያስከፍላል፤ በቤት ግን ተማሪው ወድቆ እንደገና ይነሣል፤ በአንድ ማታም አንዱን አወራረድ 20 ጊዜ ሊደጋግመው ይችላል።

የሜግስ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 180 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ያለ ነበር። በዚያ የለመደ ተማሪ ወደ አገራችን መጥቶ ከቦሌ ልነሣ ባለ ጊዜ ሌላ ትምህርት ይጠብቀዋል። ቦሌ 2,330 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለ አየሩ ከባሕር ወለል አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ የትንሿ አይሮፕላን ሞተርም ከጉልበቱ ሩቡን ያህል ያጣል። ለሐይቁ ዳር እንደሚደረገው ቤንዚኑን አብዝቶ ቢሰጠው ሞተሩ ይታፈናል፤ ስለዚህ ቀዩን መቈጣጠሪያ ሳብ አድርጎ ቤንዚኑን ከአየሩ ጋር ማመጣጠን ያስፈልጋል። የፍጥነት መለኪያው 55 ሲያሳይ አይሮፕላኗ በመሬት ላይ በእውነቱ ከ60 ኖት በላይ ትሮጣለች፤ ለመነሣትም ብዙ መንገድ ትፈጃለች፤ ተነሥታም የምትወጣው በዝግታ ነው። በሰሜን የእንጦጦ ተራራ ቆሞ ሳለ፤ ጉልበቷን ሳይመዝን ወደዚያ የሚዞር ሰው ወዮለት።

ወደ ምሥራቅ ተነሥቶ ወደ ቀኝ ቢዞር ግን መንገዱ ያማረ ነው። የየረርን ተራራ በግራ አድርጎ፤ ዝቋላን በስተ ደቡብ እያየ፤ በሩብ ሰዓት ውስጥ የቢሾፍቱ ሐይቆች ከእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ እንደ ተቀመጡ መስተዋቶች ሆነው ከፊቱ ይታያሉ። ምድሩም ወደዚያ እየወረደ ስለሚሄድ ለደካማ ሞተር ምቹ ነው። በእግሩና በበቅሎው ያገሩን አቀማመጥ ያወቀ ሰው፤ ከላይ ሆኖ ሲያየው ተራራው ለምን ደመና እንደሚሰበስብ፤ ወንዙም ለምን በዚያ በኩል እንደሚፈስ ያስተውላል።

ይህን ሁሉ ስንናገር የቤቱ ትምህርት የማይሰጠውንም መሸሸግ አይገባንም። ወንበሩ አይናወጥም፤ ነፋሱ ክንፉን ሲመታው ሰውነት አይሰማውም። በደመና ውስጥ የገባ ነጂ የጆሮው ውስጥ ሚዛን እያታለለው፤ በእውነት እየዞረ ሳለ ቀጥ ብዬ እሄዳለሁ ብሎ ያስባል። በቤት ያለው ተማሪ መለኪያውን ማመን ይቀልለዋል፤ ሰውነቱ የሚያቀርብለት የሐሰት ምስክር የለምና። እንደዚሁም በቤት የተማረ ሰው ዓይኑን ከመለኪያዎቹ ላይ ሳያነሣ መብረርን ስለሚለምድ፤ አስተማሪው ውጭውን ተመልከት እያለ ብዙ ጊዜ ሊገሥጸው ግድ ይሆናል። ከሁሉ የሚበልጠውም ፍርሃት ነው፤ በቤት ውስጥ ማንም አይሞትምና ድፍረት ያለ ዋጋ ይገኛል። ስለዚህ በዚህ ዓይነት መሣሪያ በራሱ የለመደ ሰው ነጂ ሊባል አይችልም፤ ፈቃድ የሚሰጠው በእውነተኛ ሰማይ፤ ከአስተማሪ ጋር ሰዓቱን ቈጥሮ ለተፈተነ ብቻ ነው።

በአገራችን አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ በዚያው ዓመት ወደ ካይሮ በረራውን ጀመረ። ዛሬ በአዲስ አበባ ባለው ትምህርት ቤቱ፤ እንደ እውነተኛ አይሮፕላን የሚናወጡ ታላላቅ ሲሙሌተሮች ቆመው፤ ለብዙ ዓመት የበረሩ ካፒቴኖች ሳይቀሩ እየተመላለሱ ይፈተኑባቸዋል። ያወቀው ሰው ሳያፍር የሚማርበትን መሣሪያ፤ ያላወቀው ልጅ ቢመኘው ነውር የለበትም።

እንግዲህ በቤቱ እንዲህ ያለ መሣሪያ ያለው ወላጅ፤ ልጁ ከማታ እስከ እኩለ ሌሊት በግንብ መካከል እየተሽሎከለከ ሲጫወት ቢያይ፤ መሣሪያውን ከመንጠቅ ይልቅ አጠገቡ ይቀመጥና አንድ ጥያቄ ይጠይቀው፤ አሁን ፍጥነትህ ስንት ነው? ከፍታህስ? ሞተሩ ቢጠፋ የት ታርፋለህ? ልጁ ለሦስቱም ፈጥኖ የሚመልስ ከሆነ እየተማረ ነው። መልስ ካጣም ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ትምህርቱ ይጀመርለት።